ሐምሌት በእርግጥ አብዶ ነበር? ስለ በቀሉና ስለ እብደቱ በስህተት የሚነገሩ ነገሮች

ብሔራዊ ቴአትር ደጃፍ፣ ከድንጋዩ አንበሳ አጠገብ ቆሞ ስለ ሐምሌት የሚያወራ ሰው ካለ ሁለት አባባሎች አይቀሩም፤ “ልጁ አብዷል” እና “ፈሪ ስለሆነ ነው የዘገየው”። ሁለቱም ከጽሑፈ ተውኔቱ ጋር ሲተያዩ አይገጥሙም። ሼክስፒር ተውኔቱን የጻፈው በ1600 ገደማ ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ የዴንማርክ ንጉሥ ይሞታል፤ ወንድሙ ክላውዲየስ ይነግሥና የሟቹን ሚስት ገርትሩድን ያገባል፤ የሟቹ መንፈስ ለልጁ ለሐምሌት ተገልጦ “ተኝቼ ሳለ በጆሮዬ መርዝ አፍስሶ የገደለኝ ወንድሜ ነው፣ ደሜን መልስ” ይለዋል።

“ሐምሌት አብዷል”

እንደሚያብድ አስቀድሞ የተናገረው ራሱ ነው። በገቢር 1 ትዕይንት 5፣ መንፈሱ እንደሄደ፣ ወዳጁን ሆሬሺዮንና ዘበኛውን ማርሴለስን በሰይፍ ላይ ያስምላቸዋል፤ ከዛሬ በኋላ ሁኔታዬ ቢለወጥ “ምክንያቱን እናውቃለን” እንዳትሉ ይላቸዋል። በገቢር 3 ትዕይንት 4 ደግሞ ለእናቱ፣ እብደቱ የተንኮል እንጂ የእውነት እንዳልሆነ በግልጽ ይነግራታል። ነገሩ ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ዳዊትም በጌት ንጉሥ በአንኩስ ፊት ለሐጩን በጢሙ ላይ እያወረደ እብድ መስሎ አምልጧል (1ኛ ሳሙኤል 21፥13)።

ልዩነቱ ግን ዋናው ነገር ነው። ዳዊትን እብደቱ አዳነው፤ ሐምሌትን አጋለጠው። የታሪኩ ጥንታዊ ምንጭ በ1200 ገደማ በዴንማርካዊው ሳክሶ ግራማቲከስ የተጻፈ ነው፤ እዚያ ግድያው አገር ያወቀው ስለሆነ ወጣቱ ጅል መስሎ መኖሩ ሕይወቱን ለማትረፍ ነው። ሼክስፒር ግድያውን ምስጢር አደረገው። ሐምሌት ማወቁን ማንም አልጠረጠረም ነበር፤ ክላውዲየስን ያስበረገገው ራሱ የእብደቱ ትርኢት ነው። ሁለት የልጅነት ጓደኞቹ የተላኩበትና አማካሪው ፖሎኒየስ መጋረጃ ጀርባ የሚደበቀው ከዚያ በኋላ ነው። እንደ መደበቂያ ካየነው የማይረባ ዘዴ ነው። የሚጠቅመው ለምላስ ነው፤ “እብድና ዘመናይ የልቡን ይናገራል” እንዲሉ፣ በሌላ ሰው አፍ አንገት የሚያስቀጣውን ቃል እሱ በንጉሡ ፊት ይናገረዋል።

ታዲያ ንጹሕ ማስመሰል ነው ማለትም አይቻልም። መንፈሱን ከማየቱ በፊት፣ በገቢር 1 ትዕይንት 2፣ ሥጋው ቀልጦ በጠፋ እየተመኘ ነው፤ ኀዘኑ የእውነት ነው። በገቢር 5 ደግሞ ፖሎኒየስን የገደለው እሱ ሳይሆን እብደቱ መሆኑን ለሟቹ ልጅ ለላየርቲስ ይነግረዋል። ይቅርታ ነው ወይስ ማምለጫ? ተውኔቱ “ለየለት” የሚል ፍርድ አይሰጥም፤ ተዋናዩም ቢሰጥ ያበላሸዋል።

እዚህ ላይ በልምምድ ጊዜ የሚፈጠረው ስህተት የታወቀ ነው፤ ከገቢር 2 ጀምሮ ፀጉር ማንጨባረር፣ ዓይን ማጉረጥረጥ፣ እስከ መጨረሻ። ጽሑፉ የሰጠው ምልክት ሌላ ነው። ሐምሌት ብቻውን ሲሆን በግጥም፣ ሐሳቡን ደርድሮ ይናገራል። ከፖሎኒየስና ከሰላዮቹ ጋር ሲያብድ ወደ ዝርው፣ ግጥም ወዳልሆነ ተራ ንግግር፣ ይወርዳል። (ዝርው ሁሉ እብደት አይደለም፤ ከተጓዥ ተዋንያኑና ከመቃብር ቆፋሪው ጋር በጤናው በዝርው ያወራል።) በአማርኛ ሁሉም ንግግር ቤት እየመታ ከወረደ ይህ ምልክት ይጠፋል፤ ተዋናዩ የጎደለውን በጩኸት ለመሙላት የሚገደደው ለዚህ ነው። የእብደቱን ንግግሮች ብቻ በዝርው መተው ግማሹን ችግር ያቃልላል።

“መንፈሱ የሐምሌት ቅዠት ነው”

በገቢር 1 ሁለት ዘበኞችና ሆሬሺዮ ከእሱ በፊት አይተውታል። እናቱ የማታየው በገቢር 3 ትዕይንት 4 ብቻ ነው። ለቅዠት የሚያመች ቦታ ካለ ያ ነው፤ የመጀመሪያውን ግን ቅዠት ለማድረግ ሦስት ምስክሮችን መሰረዝ ያስፈልጋል።

“ፈሪ ስለሆነ ዘገየ”

የደም ነገር ለእኛ ተመልካች አዲስ አይደለም። በድሮው ፍርድ ነፍሰ ገዳይ በዳኛ ተፈርዶበት ለሟች ዘመድ ይሰጥ ነበር፤ ዘመድ ወይ ይገድላል ወይ የደም ዋጋ ተቀብሎ ይታረቃል። ስለዚህ ከአዳራሹ ሲወጡ “ለምን አልከሰሰም? ሽማግሌስ የለም?” የሚል ጥያቄ መነሳቱ ትክክል ነው። መልሱ ገዳዩ ዙፋን ላይ መሆኑ ነው። ችሎቱም የእሱ፣ ዘበኛውም የእሱ። ውሃ ሲያንቅ በምን ይዋጣል?

ምስክሩስ? የሙት መንፈስ ነው። ሐምሌት በገቢር 2 መጨረሻ በግልጽ ይለዋል፤ ይህ መንፈስ ኀዘኔን ተጠቅሞ ነፍሴን ሊያጠፋ የመጣ ሰይጣን ቢሆንስ? ስለዚህ ማስረጃ ፈለገ፤ ግድያውን የሚመስል ጨዋታ በተጓዥ ተዋንያኑ በንጉሡ ፊት አስጫወተ፤ ንጉሡም ደንግጦ ተነሥቶ ወጣ።

ቀኑን እንቁጠር። በገቢር 1 አባቱ ከሞተ ሁለት ወር አልሞላም፤ በገቢር 3 ትዕይንት 2 የፖሎኒየስ ልጅ፣ የሐምሌት ወዳጅ ኦፌሊያ አራት ወር መሆኑን ትናገራለች። ማስረጃ የሌለበት መዘግየት እንግዲህ ሁለት ወር ገደማ ነው። ማስረጃው ከተገኘ በኋላ ያለውስ? በዚያው ሌሊት ክላውዲየስ የመሰለውን ሰው በመጋረጃ ወግቶ ይገድላል፤ ፖሎኒየስ ሆኖ ተገኘ እንጂ። ከዚያ ወደ እንግሊዝ በመርከብ ይላካል። ፈሪ የሚባለው ሰው በተውኔቱ ውስጥ ለአምስት ሰዎች ሞት እጁ አለበት፤ ፖሎኒየስ፣ ሁለቱ ጓደኞቹ፣ ላየርቲስ፣ ክላውዲየስ።

አዘጋጆች የሚስቷት አንዲት ነጥብም እዚሁ አለች። ሐምሌት ባስጫወተው ጨዋታ መርዙን የሚያፈሰው የንጉሡ ወንድም አይደለም፤ የወንድም ልጅ ነው። ስለዚህ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት መኳንንት ያዩት ነፍስ ግድያ የፈጸመ ክላውዲየስን ሳይሆን አጎቱን ልገድል ነው እያለ የሚዝት ሐምሌትን ነው። ክላውዲየስ ተነሥቶ ሲወጣ መኳንንቱ በንጉሡ ላይ ጥርጣሬ እንዳደረባቸው ሆነው የሚተያዩ ከሆነ ተሳስተዋል፤ መደንገጥ ያለባቸው በልዑሉ ነው።

“ክላውዲየስ ሲጸልይ አዝኖለት ተወው”

ከሁሉም የተገላቢጦሽ የሆነው ስህተት ይህ ነው። ሐምሌት ሰይፉን የመለሰው ከርኅራኄ አይደለም፤ ንስሐ ላይ ሳለ ብገድለው ነፍሱ ትድናለች፣ በስካሩ ወይም በኃጢአቱ ላይ ጠብቄ ልግደለው ብሎ ነው። ሥጋውን ብቻ ሳይሆን ነፍሱንም ፈለገ። አስገራሚው ደግሞ ክላውዲየስ ከተንበረከከበት ሲነሣ የሚለው ነው፤ ቃሉ ወደ ላይ ቢወጣም ሐሳቡ እታች ቀርቷል። ዘውዱንም ሚስቲቱንም እንደያዘ ነበር የጸለየው። “ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት” የሚለው ተረት በአንድ ትዕይንት ለሁለት ሰው ይሠራል፤ አንዱ የዘረፈውን ይዞ ይጸልያል፣ ሌላው ቂሙን ይዞ የነፍስ ዳኛ ይሆናል።

ተዋናዩ ሰይፉን በዝግታ፣ በሐዘኔታ ወደ አፎቱ ከመለሰ ተመልካች ምሕረት ያነብበታል። ንግግሩ ከሰይፉ መቅደም አለበት።

“መሆን ወይም አለመሆንን የሚለው ራስ ቅል ይዞ ነው”

አይደለም። ንግግሩ ገቢር 3 ትዕይንት 1 ላይ ነው፤ የቤተ መንግሥቱ ቀልደኛ የነበረው የዮሪክ ራስ ቅል ገቢር 5 ትዕይንት 1 ላይ። ሥዕሎች አጣምረዋቸዋል። በዚያው መቃብር ሐምሌት 30 ዓመቱ መሆኑም ይታወቃል፤ ቆፋሪው ሥራውን የጀመረው ሐምሌት በተወለደ ቀን ነው፣ 30 ዓመት ሠርቻለሁ ይላል።

“እናቱ ግድያውን ታውቅ ነበር፤ ጥፋቷም ቶሎ ማግባቷ ነው”

ልጇ ስለ ንጉሥ መግደል ሲያነሣ ቃሉን በመገረም መልሳ ትደግመዋለች፤ ከዚህ ውጭ እንዳወቀች የሚያሳይ ነገር የለም። በ1603 በታተመው አጭር ቅጂ ላይማ አለማወቋን ምላ ትናገራለች።

ጋብቻው ግን ከመፍጠኑ በላይ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን 18፥16 የወንድምን ሚስት ይከለክላል፤ ኦሪት ዘዳግም 25፥5 የሚፈቅደው ሟቹ ልጅ ሳይተው ሲሞት ነው። እዚህ ልጅ አለ፤ ሐምሌት። የእንግሊዝ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የወንድሙ ሚስት የነበረችውን ንግሥት ካትሪንን በ1533 የፈታው ያንኑ ዘሌዋውያንን ጠቅሶ ነው፤ ሼክስፒር ተውኔቱን ሲጽፍ በዙፋን ላይ የነበረችው ንግሥት ኤልሳቤጥ የተወለደችውም ከተከታዩ ጋብቻ ነው። ስለዚህ የለንደን ተመልካች ለዚህ ቃል ጆሮው የቆመ ነበር። የእኛም ተመልካች ኦሪቱን ስለሚያውቀው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

“ኦፌሊያ ራሷን ገደለች”

ጽሑፉ ሆን ብሎ አልወሰነም። ገርትሩድ ቅርንጫፍ ተሰብሮ ወንዝ ውስጥ መውደቋን ትናገራለች፤ መቃብር ቆፋሪዎቹ ይከራከራሉ፤ ቄሱ ሞቷ አጠራጣሪ ነው ብሎ ሥርዓቱን ያሳጥርባታል። የተረጋገጠው እብደቷ ነው። የምትወደው ሰው አባቷን ገድሏል፤ አባቷ በችኮላ፣ ያለ ወግ ተቀብሯል። ሐምሌት ያስመሰለውን እሷ ከፈለችው፤ አንዱ እብደት ለሌላው መስተዋት ሆኖ የተቀመጠ ነው።

በገቢር 4 ትዕይንት 5 ለንጉሡ፣ ለንግሥቲቱና ለወንድሟ ለላየርቲስ ቅጠልና አበባ ታድላለች። ከእነዚህ ሦስቱ በአዲስ አበባ ጉልት ሁሉ ይገኛሉ፤ የጥብስ ቅጠል፣ እንስላል፣ ጤና አዳም። ለአዘጋጅ ስጦታም ወጥመድም ነው። በእንግሊዝኛ የጤና አዳም ስም “መጸጸት” ከሚለው ቃል ጋር አንድ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ቡና ላይ የሚጣል ቅጠል ስለሆነ በኀዘኑ መካከል ሳቅ ሊያመጣ ይችላል። የሚሻለው የአማርኛውን ስም ማሠራት ነው፤ አእምሮዋን ያጣች ልጅ ለበደለኛ ሰው “ጤና” ስትሰጥ የራሱ ምጸት አለው። የቱን ለማን እንደምትሰጥ ጽሑፉ አይናገርም። ከመጀመሪያው ልምምድ በፊት መወሰን አለበት፤ አለዚያ ተቀባዮቹ ተዋንያን ፊታቸው ባዶ ይሆናል።

“በመጨረሻ ሐምሌት በቀሉን አቅዶ ፈጸመ”

ያቀደው ክላውዲየስ ነው። የሰይፍ ግጥሚያውን ከላየርቲስ ጋር ያዘጋጀው እሱ ነው፤ አንዱ ሰይፍ ስለታምና መርዝ የተቀባ፣ ለተጠባባቂነት ደግሞ የተመረዘ ጽዋ። ቅደም ተከተሉ አንድ እርምጃ ከተዛባ ታሪኩ ይፈርሳል። ሐምሌት የመጀመሪያውን ነጥብ ሲያገኝ ንጉሡ አስቀድሞ ይጠጣል፣ ከዚያ ነው ዕንቁ ብሎ መርዙን ጽዋው ውስጥ የሚጥለው። ተዋናዩ ተዘናግቶ ከጣለ በኋላ ቢጠጣ ንጉሡ ራሱን መርዟል ማለት ነው። ሐምሌት ጽዋውን “ቆይ” ብሎ ይተወዋል፤ ሁለተኛውንም ነጥብ ያገኛል፤ ገርትሩድ ትጠጣለች። ሦስተኛው ዙር ያለ ነጥብ ያልፋል። ከዚያ ላየርቲስ ድንገት ያቆስለዋል፣ በግብግቡ ሰይፎቹ ይቀያየራሉ፣ ሐምሌት በዚያው በተመረዘው ላየርቲስን ይወጋዋል።

ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ይህ ልውውጥ ነው። ሁለቱ ሰይፎች እጀታቸው አንድ ዓይነት ከሆነ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ላየርቲስ በምን እንደሞተ አይገባውም። በአንደኛው እጀታ ላይ ቀይ ጨርቅ ይጠቅለል፤ ልውውጡም ከመድረኩ ፊት ለፊት ይሁን። ጫፋቸው የደነዘዘ ሰይፎችም ቢሆኑ ዓይን ያጠፋሉ፤ ከእያንዳንዱ ትርኢት በፊት ፍልሚያውን በዝግታ አንድ ጊዜ መከለስ የግድ ነው።

ሐምሌት ክላውዲየስን የሚገድለው እናቱ ከሞተችና ላየርቲስ ሁሉን ከተናዘዘ በኋላ፣ ራሱም ሊሞት ጥቂት ሲቀረው ነው። መርዙን ሲያጠጣው “እናቴን ተከተላት” ይለዋል። የአባቱን ስም አያነሣም።

ተውኔቱ ሳይቆረጥ ከአራት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚቆረጠው የኖርዌዩ ልዑል ፎርቲንብራስ ነው። የእሱን አባት የገደለው የሐምሌት አባት ነበር። የአባቱን ነገር ሊመልስ ጦር አሰባስቦ ሳለ አጎቱ ሲከለክለው ትቶታል፤ መጨረሻ ላይ ሲደርስ አራት ሬሳና ባለቤት የሌለው ዘውድ ያገኛል። በተውኔቱ ውስጥ ዴንማርክ ንጉሥ የምትመርጥ አገር ናት፤ ሐምሌትም ሊሞት ሲል ድምፁን የሰጠው ለዚሁ ሰው ነው። አራት የጦር አለቆች ሐምሌትን እንደ ወታደር ተሸክመው እንዲወጡ ፎርቲንብራስ ያዝዛል፤ የተውኔቱ የመጨረሻ ቃል የተኩስ ትእዛዝ ነው፣ ከመድረኩ ጀርባ መድፍ ይጮኻል።