የአዴኖቫይረስ ሪኮምቢኔሽን ምንድን ነው? (ሚውቴሽን እንዳልሆነ ለመጨረሻ ጊዜ)

አዴኖቫይረስ ዓይንን፣ ጉሮሮን፣ ሳንባን የሚያሳምም ቫይረስ ነው። ሐዋሳ ውስጥ የአንድ ክፍል ተማሪዎች ዓይን ከቀላ፣ በማግስቱ ቴሌግራም ላይ «ቫይረሱ ሚውቴት አድርጎ ነው» የሚል አይጠፋም። ሪኮምቢኔሽን (የሁለት ቫይረሶች ዲኤንኤ መቀየጥ) ሊሆን ይችላል ሲባልም «ዞሮ ዞሮ መለወጥ ነው፣ ያው ነው» ይላል። ያው አይደለም።

ሚውቴሽን ዲኤንኤው ሲገለበጥ አንድ ፊደል መሳት ነው። አዴኖቫይረስ 35 ሺህ ገደማ ጥንድ ፊደላት አሉት፤ ገልባጩ ፖሊሜሬዝም የሳተውን ነቅሎ የማረም ችሎታ አለው። ኢንፍሉዌንዛ እንዲህ ያለ አራሚ የለውም። የአንዱን የለውጥ ፍጥነት ለሌላው ማውረስ ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ባጃጅ እናስብ። ሚውቴሽን ጭረት ነው፤ ባጃጁ ያው ባጃጅ ነው። ሪኮምቢኔሽን ግን የአንዱን ቦዲ በሌላው ሻንሲ ላይ መግጠም ነው። ለዚህ ሁለቱም አንድ ጋራዥ መግባት አለባቸው፤ ማለትም ሁለት ዓይነት ቫይረስ አንድ ሰው ውስጥ ብቻ ሳይሆን አንድ ሕዋስ ውስጥ መገናኘት አለባቸው። ዝርያ ሲ የሚባሉት አዴኖቫይረሶች በልጆች ቶንሲል ውስጥ ለረጅም ጊዜ ስለሚቆዩ ይህ ጋራዥ ቶሎ አይዘጋም። ዕቃውም መግጠም አለበት፦ በባጃጅ ሻንሲ ላይ የአይሱዙ ቦዲ አይቀመጥም። ከኤ እስከ ጂ ሰባት ዝርያዎች አሉ፣ በየዝርያው ሥርም በቁጥር የሚጠሩ ዓይነቶች፤ ቅይጡ በአብዛኛው በአንድ ዝርያ ውስጥ ነው። «በአብዛኛው» ያልኩት ዓይነት 4 የዝርያ ኢ ሆኖ ሳለ ሄክሰኑ (የውጭ ቅርፊቱ ዋና ፕሮቲን) የዝርያ ቢውን ዓይነት 16 ስለሚመስል ነው።

ምሳሌው የሚሰበርበትም ቦታ አለ። ጋራዥ ውስጥ ዕቃ ይፈታል፤ እዚህ የሚፈታ የለም። ዲኤንኤው ሲባዛ ተገፍቶ የሚወጣው ነጠላ ክር፣ ተመሳሳይ ፊደላት ያሉት የሌላኛው ዲኤንኤ ላይ ሄዶ ሊጣበቅ ይችላል፤ የሚወጣው ቅጂ ከፊሉ ከዚህ ከፊሉ ከዚያ ይሆናል። ስፌቱ ሁለቱ በሚመሳሰሉበት ቦታ የሚገኘውም ለዚህ ነው።

ዓይነት 55ን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2006 ቻይና ውስጥ የሳንባ ሕመም ወረርሽኝ አስነስቷል፤ ቀድሞ ግን 11ኤ ይባል ነበር። በፀረ እንግዳ አካል ምርመራ በዋናነት የሚታየው ቦዲው፣ ማለትም ሄክሰኑ፣ የ11 ነዋ! 11 ደግሞ በኩላሊትና በፊኛ ነው የሚታወቀው። ዲኤንኤው ሙሉ በሙሉ ሲነበብ የቀረው አካል ከሞላ ጎደል የ14 ሆኖ ተገኘ፤ 14 የመተንፈሻ አካል ቫይረስ ነው። ይህን ያህል ለውጥ በፊደል ስህተት ለማምጣት ስንት ጭረት ይፈጃል?

ላቦራቶሪ ለምትሠሩ፣ ባትጠይቁኝም፦ ሄክሰንን ብቻ በፒሲአር አንብቦ ዓይነቱን መመዝገብ ታርጋ አይቶ ስለ ሞተሩ መማል ነው። ፔንተንና ፋይበርም የቅርፊቱ ፕሮቲኖች ናቸው፤ ዓይን የሚያቀላው ዓይነት 53 ፔንተኑ የ37፣ ሄክሰኑ የ22፣ ፋይበሩ የ8 ነው፤ ሄክሰን ብቻ ያየ ሰው 22 ብሎ ይጽፈዋል። ሦስቱም ይነበቡ። ቅይጥ ሆኖ ከወጣ ደግሞ ከመደሰታችሁ በፊት ቫይረሱን ከአንድ ፕላክ (በሕዋስ ምንጣፍ ላይ አንድ ቫይረስ ከሚፈጥረው ቀዳዳ) አባዝታችሁ ድገሙት። ስዋቡ ላይ ሁለት ቫይረስ ከነበረ የአንዱ ፔንተንና የሌላው ፋይበር አብረው ይነበባሉ፤ ያ ቅይጥ አይደለም፣ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ባጃጆች ናቸው።