ወሸባ ለአዲስ ዓሣ፦ የአኳሪየም ዓሦችን ለይቶ ማቆየትና ማከም

የአኳሪየም ወሸባ አዲስ የመጣ ዓሣ ከነባሮቹ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት በተለየ ገንዳ የሚቆይበት፣ ሲያስፈልግም የሚታከምበት አሠራር ነው፤ ለይቶ ማቆያም ይባላል። ዓሣው ከአርቢ ወደ አስመጪ፣ ከአስመጪ ወደ ቸርቻሪ ሲተላለፍ ከብዙ እንግዳ ዓሦች ጋር ውሃ ይጋራል። ጉዞውም አቅሙን ያዳክመዋል። በሻጩ መስታወት ውስጥ ጤነኛ የመሰለው ዓሣ ከሳምንት በኋላ ታሞ መገኘቱ ስለዚህ ብርቅ አይደለም።

የመለየት ሐሳቡ የተወረሰው ከሰው ነው። ራጉዛ (የዛሬዋ ዱብሮቭኒክ) እ.ኤ.አ. በ1377 ወረርሽኝ ካለበት አገር የሚመጡ እንግዶች 30 ቀን ተለይተው እንዲቆዩ ደነገገች፤ ኋላ ቀኑ ወደ 40 ከፍ ሲል ኳራንቲን የሚለው ስም ከቁጥሩ (በጣሊያንኛ «ኳራንታ» አርባ ማለት ነው) ወጣ። ለዓሣ በተለምዶ የሚመከረው ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ሲሆን፣ ጠንቃቃ አሳዳጊዎች ከአራት አያወርዱትም።

ገንዳው ማማር የለበትም። ለትናንሽ ዓሦች ከ40 እስከ 80 ሊትር የሚይዝ፣ ክዳን ያለው (የደነገጠ ዓሣ ይዘላል)፣ ማሞቂያና የስፖንጅ ማጣሪያ የተገጠመለት፣ መደበቂያ እንዲሆንም አንድ ሁለት ቁራጭ የፕላስቲክ ቧንቧ የተጣለበት ይበቃል። አሸዋና ጠጠር አይገባበትም፤ መድኃኒት ይመጥጣል፣ ተውሳክም ይሸሽጋል። መረቡ፣ ባልዲውና የውሃ መቅጃ ቱቦው የራሱ መሆን አለባቸው። ስፖንጁ አስቀድሞ በዋናው ገንዳ ውስጥ ለሳምንታት ቆይቶ አሞኒያን (ከዓሣ ቆሻሻ የሚወጣውን መርዝ) የሚለውጡ ባክቴሪያዎችን ካልያዘ፣ ዓሣውን የሚጎዳው በሽታው ሳይሆን ወሸባው ራሱ ይሆናል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አሞኒያ በየቀኑ ይለካል፤ ከታየም ውሃው ወዲያውኑ በከፊል ይቀየራል።

ከበሽታዎቹ ሁሉ በደንብ የተጠናው የነጭ ነጠብጣብ በሽታ ነው፤ አሳዳጊዎች በአጭሩ «ኢክ» ይሉታል። በጣፋጭ (ጨው አልባ) ውሃ ዓሦች ላይ የሚያመጣው ኢክቲዮፍቲሪየስ መልቲፊሊስ የተባለ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ፉኬ እ.ኤ.አ. በ1876 ገልጾታል። ጥገኛው ከዓሣው ቆዳና ስንጥብ ሥር ገብቶ ይመገባል፤ ጨው የተነሰነሰ የሚመስለው ምልክት ያኔ ይታያል። ሲጠግብ ይወርድና ገንዳው ወለል ላይ ተለጥፎ በልባስ ይሸፈናል፤ በውስጡም ተከፋፍሎ ብዙ መቶ፣ አንዳንዴም እስከ ሺህ የሚደርሱ፣ በውሃው ውስጥ እየዋኙ ዓሣ የሚፈልጉ ልጆችን («ዋናተኞችን») ይፈለፍላል። እነዚህ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ዓሣ ካላገኙ ይሞታሉ። ዑደቱ በ25 ዲግሪ ሴልሲየስ አካባቢ ከሳምንት ባነሰ ጊዜ ያልቃል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ግን ሳምንታት ይወስዳል።

መድኃኒት ሊገድል የሚችለው ዋናተኞቹን ብቻ ነው። ከቆዳው ሥር ያለውንም በልባስ የተሸፈነውንም አይነካም። ስለዚህ ነጠብጣቡ ጠፋ ማለት ዓሣው ዳነ ማለት አይደለም፤ ጥገኛው ለመባዛት ወርዶ ይሆናል። ሕክምናውን በዚያ ቀን ማቋረጥ ሁለተኛውን፣ የባሰውን ዙር መጋበዝ ነው። ኢክ በማንኛውም ገንዳ ውስጥ ሁልጊዜ አለ የሚለው ወሬ ስሕተት ነው፤ ያለ ዓሣ የማይኖር ፍጡር ካልገባ አይገኝም። ሙቀትን ወደ 30 ዲግሪ ማድረስ ብቻውን ይፈውሳል በሚለው ላይ ግን አሳዳጊዎች አይስማሙም፤ አንዳንድ ዝርያዎች ያን ያህል ሙቀት አይችሉም፣ ሞቃት ውሃም የሚይዘው ኦክስጅን ያነሰ ነው።

በባሕር ዓሦች ላይ ተመሳሳይ ምልክት የሚያሳየው ክሪፕቶካርዮን ኢሪታንስ የቅርብ ዘመዱ አይደለም። ልባሱ ውስጥ እስከ 72 ቀን ሊቆይ ስለሚችል፣ የተበከለ የባሕር ገንዳ 76 ቀን ያህል ያለ ዓሣ እንዲቆይ ይመከራል። ዓሦቹን በየሦስት ቀኑ ታጥቦ ወደ ደረቀና አዲስ ውሃ ወደ ተሞላ ገንዳ እያዘዋወሩ ያለ መድኃኒት ማዳንም ይቻላል፤ አድካሚ ነው፣ ግን የሚያኮራ ሥራ ነው።

ከመድኃኒቶቹ ማላካይት ግሪንና ፎርማሊን ለኢክ አብረው ይሰጣሉ፤ ማላካይት ግሪን በአውሮፓ ኅብረትና በአሜሪካ ለምግብ በሚውል ዓሣ ላይ ተከልክሏል፣ ፎርማሊንም የውሃውን ኦክስጅን ስለሚቀንስ አየር መጨመር ግድ ነው። መዳብ ለባሕር ዓሦች ይሠራል፤ የተለመደው መጠን በሊትር ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊግራም ነጻ (ከሌላ ነገር ጋር ያልተጣመረ) መዳብ ነው። ከዚህ ካነሰ አይፈውስም፣ ከበዛ ይመርዛል፤ ሽሪምፕ፣ ቀንድ አውጣና ኮራልን ደግሞ በዚሁ መጠን ይገድላል። ፕራዚኳንተል ለስንጥብ ትሎች ነው። መድኃኒት ሲሰጥ የከሰል ማጣሪያ ካለ ይወጣል፤ መድኃኒቱን ይመጥጣልና።

ምልክት ሳይታይ ማከም ይገባል ወይ በሚለው ነገር ሁለት ወገን አለ። አንዳንዶች አስቀድሞ ማከምን ይመርጣሉ፤ ሆኖም መብላቱን፣ አተነፋፈሱንና ሰውነቱን ከዕቃ ጋር መፋተጉን በየቀኑ የሚያይ አሳዳጊ ያለ ምክንያት ኬሚካል ባይጨምር ይሻለዋል።

ለቫይረሶች መድኃኒት የለም። ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የተባለው ባክቴሪያ በቁስል በኩል የሰው እጅንም ስለሚይዝ፣ ቁስል ያለበት ሰው ጓንት ያደርጋል።

ወሸባው ሲያበቃ ዓሣው እንጂ ውሃው ወደ ዋናው ገንዳ አይሻገርም። በመሃል ሌላ ዓሣ ከተጨመረ የቀን ቆጠራው ለሁሉም ከአንድ ይጀምራል።