ባትሪ ላይ የተጻፈው «200 አምፔር ሰዓት» ምንድን ነው?

መርካቶ ገብታችሁ ለቤት የሚሆን ባትሪ ብትጠይቁ፣ ሻጩ መጀመሪያ የሚጠራላችሁ ቁጥር ነው። መቶ አለ፣ መቶ ሃምሳ አለ፣ ሁለት መቶ አለ። ዋጋውም ከቁጥሩ ጋር ይወጣል። ግን መብራት ሲጠፋ ሁለት መቶው ስንት ሰዓት ያቆያል?

ቁጥሩ አምፔር ሰዓት ይባላል። የአሲድ ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው በ20 ሰዓት ነው። ስለዚህ 200 ማለት 10 አምፔር እየሰጠ 20 ሰዓት ይቆያል ማለት ነው። 50 አምፔር ብትስቡበት ግን 4 ሰዓት አይሞላም። ቶሎ ቶሎ ሲሳብ በድምሩ የሚሰጠው ያንሳል።

ቁጥሩን በቮልቱ አባዙት። ባትሪው ባለ 12 ቮልት ከሆነ፣ 200 በ12 ሲባዛ 2,400 ዋት ሰዓት፣ ማለትም 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል። ይህችን እንኳ ታውቋታላችሁ፤ የመብራት ቆጣሪያችሁ የሚቆጥረው በእሷ ነው።

አሁን ወደ ቤታችሁ ግቡ። ካዛንቺስ ወይም አራት ኪሎ፣ ፎቅ ላይ ያለ ቤት እንበል። ማታ መብራት ለ4 ሰዓት ጠፋ። ባለ 9 ዋት አምፖል አምስት ቢበራ 180 ዋት ሰዓት ይወስዳል። 10 ዋት የሚስብ ራውተር 40። ባለ 80 ዋት ቲቪ ለ3 ሰዓት 240። ባለ 60 ዋት ላፕቶፕ ለ2 ሰዓት 120። ፍሪጅ እየተነሳ እየቆመ ስለሚሠራ በአማካይ 50 ዋት ያዙለት፤ 200 ነው። ድምሩ 780።

«ታዲያ 2,400 ምን ያደርግልኛል?» እንዳትሉ። የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው ዕቃ፣ ኢንቨርተሩ፣ ራሱ ይበላል። 15 በመቶ ብንተውለት ከባትሪው የሚወጣው ወደ 920 ይጠጋል። ትልቁ ጉዳይ ደግሞ ይሄ ነው፦ የአሲድ ባትሪ፣ ጄል የሚባለውም (አሲዱ የረጋበት ዓይነት) ጭምር፣ ደጋግሞ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ 920 ለማግኘት 1,840 የሚይዝ ያስፈልጋል። በ12 ሲካፈል 153 አምፔር ሰዓት። ባለ 150ው ለጥቂት አይደርስም፣ ባለ 200 ትገዛላችሁ።

ሊቲየም ከሆነ 80 በመቶውን ያለ ሐሳብ መጠቀም ይቻላል፤ ለዚሁ ቤት ባለ 100ው ይበቃል። ስለዚህ ዋጋ ስታወዳድሩ ባለ 200 አሲዱን ከባለ 100 ሊቲየሙ ጋር አድርጉት። 200 ከ200 ጋር ካወዳደራችሁ ሊቲየሙ ያለ ጥፋቱ ያስደነግጣችኋል።

ምጣዱንስ? እርሱት። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ ባለ 200ውን አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይጨርሰዋል፤ ያውም ኢንቨርተሩ ከቻለው። እንጀራው መብራት ሲመጣ ይጋገር። የመኪና ባትሪም ረከሰ ብላችሁ አትግዙ። እሱ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት፣ ለጥቂት ሰከንድ ብዙ አምፔር እንዲሰጥ ነው፤ ሰዓታት ሙሉ ሲወርድ ቶሎ ይሞታል።

ብዙ ሰው የሚረሳው ቻርጅ ማድረጉን ነው። ባለ 200ው ግማሹ ከወረደ 100 አምፔር ሰዓት መመለስ አለበት። ኢንቨርተሩ በ10 አምፔር የሚሞላ ከሆነ ከ10 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሰፈራችሁ መብራት በቀን ሁለቴ የሚጠፋበት ከሆነ፣ ጠዋት የወረደው ሳይሞላ ማታ ይደርሳል። ስለዚህ ሻጩን በስንት አምፔር እንደሚሞላ ጠይቁት። ለባለ 200 አሲድ 20 አምፔር ደህና ነው።