«ፍርሃቱ ይልቀቀኝና እነሳለሁ» ለምትሉኝ ሁሉ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማክሰኞ ማታ የምንገናኝባት ትንሽ የቤት ኅብረት አለችን። የሚበዙት ወጣቶች ናቸው። ከጸሎት በኋላ አንዱ ለብቻዬ ሊያናግረኝ ጠጋ ሲል ምን እንደሚለኝ አስቀድሜ አውቃለሁ። «ጌታ እየጠራኝ ነው፤ ግን ፍርሃቱ ገና አልለቀቀኝም። ሲለቀኝ እነሳለሁ።»

እውነቱን ልናገር፣ ይህን መስማት ደክሞኛል። አንዲት እህት ይህንኑ ስትነግረኝ አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰብስባ ልታስተምራቸው ያሰበቻቸው የብሎኳ ልጆች አሁን ጎረምሶች ሆነዋል።

ስለ ጥሪና ስለ ድፍረት ከምሰማቸው ስህተቶች ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው።

«ጥሪ ማለት መድረክ ነው።» አይደለም። ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ላይ ያለው ሐናንያ ሕዝብ ፊት አልቆመም። አንድ ቤት ገባ፣ አንድ ሰው ላይ እጁን ጫነ፣ «ወንድሜ ሳውል ሆይ» አለው። ያን ሰው ደግሞ ክርስቲያኖችን ያሳድድ ስለነበር ፈርቶት ነበር።

«ከተጠራሁ ሥራዬን መልቀቅ አለብኝ።» ጳውሎስ ቆሮንቶስ ውስጥ ድንኳን እየሰፋ ነው ያገለገለው።

«የጌታ ጥሪ ከሆነ በሩ ወዲያው ይከፈታል።» ኦኔሲሞስ ነሲብን አስቡ። በልጅነቱ ለባርነት ተሸጦ ምጽዋ ላይ ነጻ የወጣ ሰው ነው። በፈረንጆቹ 1881 ወንጌልን ወደ ወገኖቹ ሊያደርስ ተነሳ፤ መንገዱ እምቢ አለ። እሱ ግን ቁጭ ብሎ ተረጎመ። አስቴር ጋኖም አብራው ለፋች። የኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። ራሱ ወለጋ የደረሰው በ1904 ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ማለት ነው።

«ደፋር ክርስቲያን ይጮኻል።» ይሄኛው ያናድደኛል። በእኛ ቋንቋ «ምን ድፍረት ነው!» ሲባል ስድብ ነው፤ ወላጆቻችን የሚቆጡን በእሱ ነበር። የቀድሞው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሐዋርያት ሥራ 4 ላይ የሚጠቀመው ቃል «ግልጥነት» ነው። እውነትን ሳይሸፍኑ መናገር ማለት ነው። ከላይ አራስ፣ ከታች የታመመ ሰው ባለበት ብሎክ ውስጥ በሌሊት ድምፅ ማጉያ መክፈት ግልጥነት አይደለም። ጴጥሮስም ስለ እምነታችን ስንመልስ በየዋህነት እንዲሆን ነው ያዘዘው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ፍርሃቱ።

ወጣቶቹ ሁልጊዜ የሚጠቅሱልኝ 2ኛ ጢሞቴዎስ 1፥7ን ነው። እግዚአብሔር የፍርሃት መንፈስ አልሰጠንም ይላል። «እንግዲህ ከፈራሁ መንፈሱ ገና አልመጣልኝም» ብለው ይደመድማሉ። ከፍ ብላችሁ ቁጥር 6ን አንብቡ። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ስጦታው ቀድሞ እንደተሰጠው ይነግረውና አነሣሣው ይለዋል። ፍርሃትህ እስኪጠፋ ጠብቅ አላለውም።

ጌዴዎን የበኣልን መሠዊያ ያፈረሰው በሌሊት ነው፤ የአባቱን ቤትና የከተማውን ሰዎች ስለፈራ። መሠዊያው ግን ፈርሷል። ንግሥት አስቴር ሦስት ቀን አስጾማ ነው «ብጠፋም እጠፋለሁ» ብላ ንጉሡ ዘንድ የገባችው። ጳውሎስ ራሱ ቆሮንቶስ የገባው በፍርሃትና በብዙ መንቀጥቀጥ እንደሆነ ጽፏል። በዚያችው ከተማ ጌታ በሌሊት በራእይ «አትፍራ» አለው። አትፍራ የሚባለው እኮ ለፈራ ሰው ነው!

ከኅብረታችን አንድ ወንድም ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የሕንፃ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ይሠራ ነበር። አሠሪው ዕቃው ከተሸጠበት ያነሰ ደረሰኝ ቁረጥ ይለዋል። አንድ ቀን ማታ ደወለልኝ። «ነገ እምቢ ልል ነው፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው» አለኝ። በስልክ ጸለይን። መንቀጥቀጡ አላቆመም። ጠዋት ሄዶ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይህን ማድረግ አልችልም» አለ። በዚያው ቀን ተባረረ። ሦስት ወር ያለ ሥራ ተቀመጠ፤ የቤት ኪራዩን አዋጥተን ከፈልን። ዛሬ በዝቅተኛ ደመወዝ ሌላ ቦታ ይሠራል። አሁንም በዚያ ሱቅ በር ሲያልፍ ልቡ ይመታል። እኔ ግን በዚህ ሰፈር ካየኋቸው ደፋሮች አንደኛው እሱ ነው።

«ጌታ ከጠራኝ ክፉ አይነካኝም» የሚሉም አሉ። ቄስ ጉዲና ቱምሳ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። በደርግ ዘመን ከአገር የሚወጡበት መንገድ ሲመቻችላቸው መንጋዬን ትቼ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ታፍነው ተገደሉ። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳ አሥር ዓመት ታሰሩ። የጌታ ተስፋ «ከአንተ ጋር ነኝ» ነው፤ ምንም አይደርስብህም አይደለም።

ምን እናድርግ ለምትሉኝ፦ ነገሩን አሳንሱት። «አገልግሎት እጀምራለሁ» አትበሉ፤ «ሐሙስ የቤት ቁጥር 12ን እናት እጠይቃለሁ» በሉ። ቀን ቁረጡ። ለአንድ ሰው ተናገሩ፣ እሱም ይጠይቃችሁ። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ጌታም ደቀ መዛሙርቱን ሁለት ሁለት አድርጎ ነው የላከው። ሽማግሌዎች ደግሞ ወጣቱን «በርታ» ብላችሁ አትሸኙት፤ ቢባረር ኪራዩን ማን እንደሚከፍል አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

አንቺ እህቴ፣ ይህን እንደምታነቢ አውቃለሁ። ግቢው ውስጥ ሌሎች ሕፃናት እየተሯሯጡ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ከብሎክሽ ደረጃ ሥር እጠብቅሻለሁ። ምንጣፉን እኔ ይዤ እመጣለሁ።