የታችኛው ፍላጎት ሳይሟላ ወደ ላይኛው መሻገር አይቻልም?

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር አብርሃም ማስሎ በ1943 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ የሰውን መሠረታዊ ፍላጎቶች ከምግብ አንሥቶ በደኅንነት፣ በፍቅርና በክብር በኩል ተሰጥኦን እውን እስከ ማድረግ ድረስ በአምስት ደረጃ አስቀምጧቸዋል። ብዙዎች ይህን የሚረዱት የታችኛው ሙሉ በሙሉ ካልተሟላ የላይኛው አይታሰብም በሚል ነው፤ አምስቱን ደረጃዎች ለማሳየት በየሥልጠናው የሚቀርበው ፒራሚድም (በዚያ ጽሑፍ ውስጥ የሌለ ሥዕል ነው) ይህን የተሳሳተ ግንዛቤ ሳያባብሰው አልቀረም። ማስሎ ግን ለማሳያ ያህል በሰጣቸው ግምታዊ ቁጥሮች፣ የአንድ ተራ ሰው አካላዊ ፍላጎት 85፣ ደኅንነቱ 70፣ ፍቅሩ 50፣ ክብሩ 40፣ ተሰጥኦውን እውን ማድረጉ ደግሞ 10 በመቶ የተሟላ ሊሆን እንደሚችል ጽፏል። ስለዚህ የቤት ኪራይ እያስጨነቃት ማታ ማታ ሥዕል የምትሥል ሴት ከንድፈ ሐሳቡ ጋር አትጋጭም፤ እንዲያውም የመፍጠር ግፊታቸው ከሌላው ፍላጎታቸው የሚያይልባቸውን ሰዎች ማስሎ ራሱ ከቅደም ተከተሉ ውጭ እንደሆኑ ጠቅሷቸዋል።