ስለ መስኪና ስትራይፐር የምንሳሳትባቸው ነገሮችና እውነታው

ከዋሽንግተን ዲሲ ብዙም ሳይርቁ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ በርክ ሌክ ላይ መስኪ፣ ሌክ አና ላይ ደግሞ ስትራይፐር ይጠመዳል። ሁለቱም ትልልቅ አዳኝ ዓሦች ናቸው። መቼ እንደሚበሉና መቼ እንደሚዳከሙ የሚወስነው ከወሩ ይልቅ የውኃው ሙቀት ነው። ብዙዎቻችን ግን ሐይቅ የምንወርደው በወሬ የሰማነውን ይዘን ነው። አንዳንዱ ወሬ ባዶ እጅ ከመመለስ ያለፈ ጉዳት የለውም፤ አንዳንዱ ግን ዓሣውን ይገድላል።

«በብርድ ወራት ስትራይፐር አይያዝም»

ሌክ አና ላይ እንዲያውም ደህና ጊዜው ያ ነው። ሐይቁ እ.ኤ.አ. በ1972 የተሠራው ለኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ማቀዝቀዣ ነው። ከማመንጫው የሚወጣው ሞቅ ያለ ውኃ ዳይክ 3 በሚባለው ቦታ በኩል ወደ ዋናው ሐይቅ ይገባል። ብርዱ ሲጠና ሻድ የሚባሉት ትንንሽ ዓሦች ወደዚያ ይሰበሰባሉ፤ ስትራይፐሩም ይከተላቸዋል። ነጫጭ የውኃ ወፎች አንድ ቦታ ላይ እየተወረወሩ ውኃውን ሲመቱ ካያችሁ፣ ከሥር ስትራይፐር ሻዱን ወደ ላይ እየነዳው ሊሆን ይችላል። ጀልባውን መሀላቸው አታስገቡ። ሞተሩን ራቅ ብላችሁ አጥፉና ከዳር በኩል ወርውሩ።

«በሙቀት ጊዜ መስኪ ጥርሱ ስለሚረግፍ አይነክስም»

ሐሰት ነው። የወደቀው ጥርስ ዓመቱን ሙሉ ይተካል።

«መልሼ ከለቀቅሁት ይተርፋል»

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ በቅን ልብ የሚደረግ ጥፋት ስለሆነ። ትልቅ ስትራይፐር ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች የሆነ ውኃ ይፈልጋል። ጁላይና ኦገስት ላይ የሐይቁ ላይኛው ክፍል ይሞቅበታል፣ ጥልቁ ደግሞ ኦክስጅን ያልቅበታል። ዓሣው በሁለቱ መካከል ባለች ጠባብ ሽፋን ውስጥ ተጨንቆ ይከርማል። ከዚያ ታግሎ፣ ደክሞ፣ በሞቀው ውኃ ውስጥ ተጎትቶ የወጣ ዓሣ ሲለቀቅ ዋኝቶ ይሄዳል፤ እኛም ተረፈ እንላለን። ብዙው ግን ከዓይናችን ከራቀ በኋላ ይሞታል። ስለዚህ በዚያ ወቅት ሕጉ የሚፈቅደውን ያህል ለምግብ ያዙና አቁሙ፤ እየያዙ መልቀቁ ይቅር። መስኪ ከሆነ ውኃው 27 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ጨርሶ ተዉት። የውኃ ቴርሞሜትር ውድ ዕቃ አይደለም።

ቀዝቀዝ ባለው ጊዜም ቢሆን መስኪን መንጋጋውን ይዞ ማንጠልጠል አይገባም። ሰፊ መረብ ውስጥ፣ ውኃው ውስጥ እንዳለ፣ በረጅም ፒንሳ መንጠቆውን አውጡለት። አልወጣ ካለ መንጠቆውን ቁረጡት።

«ስትራይፐር እዚያው ሐይቁ ውስጥ እንቁላል ጥሎ ይራባል»

በተፈጥሮው ከባሕር ወደ ወንዝ ወጥቶ እንቁላል የሚጥል ዓሣ ነው። እንቁላሉ እስኪፈለፈል ሁለት ቀን ያህል በሚፈስ ውኃ ላይ መንሳፈፍ አለበት፤ ደለል ላይ ከተኛ ይሞታል። ሳውዝ ካሮላይና ያለው ሳንቲ ኩፐር የሚባለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ሲገደብ ውስጡ የቀሩት ስትራይፐሮች ሊራቡ የቻሉት ረጅም ወንዞች ስለሚገቡበት ነው። ሌክ አና ያለውን ግን መንግሥት ጫጩት እየጨመረ ነው ያቆየው።

«ማጥመጃው ጀልባው አጠገብ ከደረሰ አለቀ»

መስኪ ማጥመጃውን እስከ ጀልባው ድረስ ዝም ብሎ መከተል ይወዳል። ቶሎ አታውጡት። የዘንጉን ጫፍ ውኃ ውስጥ ከትታችሁ፣ ሰፋ አድርጋችሁ በ8 ቁጥር ቅርጽ አዙሩት፤ መታጠፊያው ላይ ዞሮ የሚነክስበት ጊዜ ብዙ ነው።