«የታመመው እሱ ነው፤ አንቺ ምን ሆነሽ ነው?»

የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። ሰው ስለ አእምሮ ሕመም የሚለውን ስሰማ ነው የምውለው። አብዛኛውን ለምጄዋለሁ፣ አንዱን ግን መልመድ አቃተኝ። መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን ልጨርስ።

«የአእምሮ ታማሚ ሁሉ አደገኛ ነው።» አይደለም። አብዛኛው ማንንም አይነካም፤ እንዲያውም የሚደበደበውና የሚዘረፈው እሱ ነው።

«የወላጅ እርግማን ነው።» አይደለም። ይሄን ለእናትየው ፊት ለፊት የሚነግር ጎረቤት አለ፣ እግዜር ይይለት።

«ጠበል ከጀመረ መድኃኒት ያቁም።» ማን አለ? አቡነ ጳውሎስ እንኳ በኤች አይ ቪ መድኃኒት ጊዜ ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ተናግረዋል። ይጠመቅ፣ ክኒኑንም ይዋጥ። መድኃኒቱን አቁሞ ሕመሙ ሲያገረሽበት ሌሊቱን ቁጭ ብላ የምታነጋው እናቱ ናት፣ መካሪውማ ቤቱ ተኝቷል።

«አማኑኤል ካስገቡት በቃ፣ ቤተሰብ ያርፋል።» በጣሊያን ወረራ ዘመን የተከፈተው አማኑኤል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበር ይሆናል ሰው እንደ መኖሪያ የሚያየው። ታማሚ የሚተኛው ሲብስበት ነው። ሲረጋጋ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ክኒን የሚያስታውሰው፣ ብላ ብሎ የሚለምነው፣ ሲጠፋ ፖሊስ ጣቢያ ለፖሊስ ጣቢያ የሚዞረው ቤተሰቡ ነው።

አሁን ወደ ርዕሱ። «የታመመው እሱ፣ አንቺ ምን ሆነሽ ነው?» ይሄን የሚለው ዘመድ ብቻ ቢሆን ባልከፋኝ፣ ባለሙያም ይለዋል። አስታማሚዋን ካርድ እንደሚያወጣ መልእክተኛ እናያታለን፤ «መድኃኒቱን ይወስዳል?» ብለን ጠይቀን እንሸኛታለን።

ወንድሟን ከክፍለ ሀገር የምታመጣ አንዲት ልጅ አለች። እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። የቀጠሮው ቀን አትጋግርም፣ በመንገድ የምታድርበትም ቀን አትጋግርም፣ እሱ ሲረበሽም አትጋግርም። ትምህርቷን ያቋረጠችው በእሱ ምክንያት ነው። ሽማግሌ የላከ ሰው ነበር፤ «ቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አለ» ሲባል ቀረ። አንድ ቀን ፊቷ ስላላማረኝ ግፊቷን ለካሁት። የወንድሟን ቀጠሮ ትቼ እሷን ወደ ሐኪም ላክሁ። ያን ያህል ዘመን ስትመላለስ «አንቺስ እንቅልፍ ትተኛለሽ?» ያላት ሰው አልነበረም።

የእሷ ብቻ አይደለም። ቡታጅራ አካባቢ 178 የታማሚ ዘመዶች ተጠይቀው ከአራቱ ሦስቱ መገለል እንደሚሰማቸው ተናግረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በድብርትና በጭንቀት ምክንያት በዓመት 12 ቢሊዮን የሥራ ቀን፣ 1 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚባክን ይገምታል። ይሄ ራሳቸው የታመሙት ያጡት ነው። እህትየው ያልጋገረችበት ቀን እዚያ ውስጥ የለም።

«አስረው የሚያስቀምጡት ጨካኞች ናቸው» የሚለው አባባልም ከዚሁ አይለይም። ማሰር ልክ አይደለም፣ ሰውየውን ይጎዳል፤ ይሄን ለቤተሰቡም እነግራለሁ። ግን እናት ገበያ ካልወጣች ቤቱ አይበላም፣ ስትወጣም የሚጠብቅላት የለም። ተሳዳቢው አንድ ቀን እንኳ እኔ ልቀመጥለት ብሏል?

ሕክምናው ሲቀርብ ሸክሙ ይቀላል። ጉራጌ ውስጥ በተደረገ ሙከራ በጤና ጣቢያ ሠራተኞች የተሰጠው ክትትል ቡታጅራ ሆስፒታል በአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከሚሰጠው አላነሰም። ስለዚህ መጀመሪያ ቅርባችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ይህን አገልግሎት ይሰጥ እንደሆነ ጠይቁ። መድኃኒቱን በቤት ውስጥ ከአንድ በላይ ሰው ይወቀው፤ አንዷ ከታመመች ሁሉም ይቆማል። ክኒን የሚረሳ ከሆነ በየወሩ የሚወጋ መርፌ ይኖር እንደሆነ ሐኪሙን አማክሩ። ጎረቤትና እድርተኛ ደግሞ «ተሻለው?» ማለቱን ትታችሁ ቅዳሜ ጠዋት ለሁለት ሰዓት አብራችሁት ተቀመጡ፣ ልጅቷ ገበያ ትድረስ። ቡናውንም እሷ እንዳታፈላላችሁ።